እህት ያልቆጠረችው መጋዘን

«ደግሞ እሷን ምን ይገባታል ብለሽ ነው?»

ይህን ያለው የገዛ ልጃቸው ነው። ያለውም ከግድግዳው ወዲያ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ጫማውን እያሰረ ነው። እማማ ምላጭ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንድ እግራቸውን ካልሲ አጥልቀው ሌላውን ሊያጠልቁ ሲሉ ነበር፤ እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቀረ። የክፍላቸው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው። ወዲያ ማዶ ሹክ ያሉት ወዲህ ማዶ እንደ አዋጅ ይሰማል፤ ይህን በቤቱ የማያውቅ ሰው ቢኖር ግድግዳውን ያቆመው ባለቤቱ ብቻ ነው።

«ለምንዬ እኮ ደጋግማ ደወለችልኝ» አለች ምራታቸው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እማዬን አምጡልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ነው ያለችው። ምን ልበላት?»

«ጉልበቷን አሟታል በያት። ደረጃ አይሆንላትም በያት። እዚያ ፕሮፌሰር በተሰበሰበበት መሐል ተነሥታ አንድ ነገር ብትናገርስ? አፏን አታውቂውም?»

«አንተስ አትሄድም?»

«እኔ ሥራ አለኝ።»

እማማ ምላጭ ካልሲውን አጥልቀው ጨረሱ። ምላጭ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም አልጠሉትም። ዶማ ከመባል ምላጭ መባል ይሻላል ባይ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ በእንፋሎትና በበረኪና መሐል ፈጅተው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ሁለት ልጆች ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ይህንንም ደብቀው አያውቁም። የሚያንገበግባቸው ግን ሰው ሁሉ ማንበብ የማይችል መስማትም የማይችል እየመሰለው መኖሩ ነው። ሐኪሙ የእሳቸውን ጉልበት ጉዳይ የሚያወራው ለልጃቸው ነው። የባንኳ ልጅ እሳቸው ፊቷ ተገትረው «እዚህ ጋ አሻራ አስደርጓቸው» ትላለች፣ እንደ ዕቃ። ይህን ሁሉ ችለው ኖረዋል። ጡታቸውን ከጠባ አፍ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለምንዬ ታናሿ ልጃቸው ናት። ልጅ ሆና «ለምን?» ሳትል የምትጎርሰው ጉርሻ ስላልነበረ ነው ስሙ የወጣላት። ጨረቃ ለምን ትከተለናለች? የጎረቤት በር ለምን አረንጓዴ ሆነ? አባዬ ለምን ቀበቶው ላይ ቀዳዳ ይጨምራል? አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ትሠራለች፣ ማታ ማታ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ አያያዝና ኦዲት ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር ከርማለች። ኦዲት ማለት ምንድነው ብለው ቢጠይቋት «ሰው አለኝ ያለው ነገር በእውነት መኖሩን ሄዶ ማየት ነው» አለቻቸው። «እኔ ታዲያ አንቺን ሳሳድግ ምን ስሠራ የነበር መሰለሽ?» ብለው አስቀዋታል። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። የጻፈችውን ጽሑፍ ይዛ ፈታኞች ፊት ትቆማለች፤ ይጠይቋታል፣ ትመልሳለች። ካልመለሰች ወደ ኋላ፣ ሌላ ዓመት። ሌላ ዓመት ደግሞ የላትም። መሥሪያ ቤቷ ዲግሪውን ይዛ ከመጣች የኦዲት ክፍሉን ኃላፊነት ሊሰጣት ቃል ገብቷል፤ ካልሆነ ከውጭ እንቀጥራለን ብሏታል፣ እቅጩን።

ከክፍላቸው ሲወጡ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ነበር፤ ትልልቅ ቁልፎች ያሉት፣ ለለቅሶና ለሐኪም ብቻ ከሻንጣ የሚወጣ ካፖርት። ልጃቸው ብርጭቆውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ቀረ።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«ቀብር።»

«ማን ሞተ?»

«ይሉኝታ። እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጫማ ሲታሰር ሞተ።»

ምራታቸው ድስት ውስጥ የሌለ ነገር ማማሰል ጀመረች። ልጃቸው ግድግዳውን አየ፤ ከዚያ እናቱን አየ፤ ከዚያ መልሶ ግድግዳውን አየ፣ ኮምፔንሳቶው የከዳው ይመስል። ደረጃው ብዙ ነው እኮ እማዬ፣ ሊፍትም የለው፣ ፀሐዩም ይመታሻል፣ እያለ አንድ ሁለት ነገር ቆጠረ። እሳቸው የካፖርታቸውን የመጨረሻ ቁልፍ ቆልፈው እስኪጨርሱ ጠበቁት።

«ደረጃ እኔ የወጣሁት አንተን በጀርባዬ አዝዬ ነው። አንተ መኪና አለህ፣ እኔ እግር አለኝ። በል ደህና ዋል፣ ሥራህ እንዳይቀርብህ።»

ጠዋቱ ገና አልሞቀም። መንገዱ ዳር ባለሱቆች በራቸውን እየከፈቱ የትናንቱን አቧራ ወደ ጎረቤታቸው ይጠርጋሉ፤ ጎረቤትየው ደግሞ መልሶ ይጠርግላቸዋል። እማማ ምላጭ የአውቶቡሱን ጽሑፍ ማንበብ ባይችሉም ሹፌር ጠይቀው የትም ደርሰው የተመለሱ ሰው ናቸውና ያ አላሳሰባቸውም። ያሳሰባቸው ሌላ ነው። ልጃቸው «ሥራ አለኝ» ያለው ውሸቱን እንደሆነ ያውቃሉ። የሰፈር ሰው አለቃ የሚለው ይህ ታላቁ ልጃቸው የከተማው ትልቁ ዱቄት ፋብሪካ የመጋዘን ኃላፊ ነው። እህቱ ለጽሑፏ ብላ በየፋብሪካው እየዞረች መጋዘን እንዴት እንደሚቆጠር ልታጠና በተነሣች ጊዜ፣ ከሁሉ ቀድሞ የተደሰተ እሱ ነበር። መጋዘኑን አስጠረገ። መብራት ያልነበረበት ጥግ ላይ መብራት አስገባ። አዲስ ሰማያዊ ጋዋን ለበሰ፤ ሠራተኞቹንም «ነገ እህቴ ትመጣለች፣ የዩኒቨርሲቲዋ» አላቸው። ጠበቀ። አልመጣችም። ወደ ዘይት ፋብሪካው ሄደች፣ ወደ ሳሙናው ሄደች፣ ሌሎቹን ዱቄት ፋብሪካዎች አንድ በአንድ አዳረሰች፤ የወንድሟን ደጃፍ ግን ሳትረግጥ ቀረች። ሠራተኞቹ በሻይ ሰዓት «እህትህ እንኳ አላመነችህም ማለት ነው» እያሉ ቀለዱበት። እሷ ስታስረዳው ገለልተኝነት ምናምን የሚል የመጽሐፍ ቃል አመጣች፤ እሱ ቃሉን ሰምቶ እስኪያበቃ አልጠበቀም፣ በሩን ዘግቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እሷ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ሁለቱም አንድ ሳሎን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ግን «ጨውን አቀብዪኝ በያት» «ብርድ ልብሱን ውሰድ በዪው» እየተባባሉ፣ በእማማ ምላጭ አስተርጓሚነት። አስተርጓሚዋም ሰለቻቸው።

ከኋላቸው የመኪና ጥሩምባ ሰሙ። ዘወር አላሉም።

«እማዬ ግቢ!» ልጃቸው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እኩል እያዘገመ ነው።

«ሥራ አለኝ።»

«እማዬ በእግዜር! መንገድ ዘጋሁ እኮ!»

«ዝጋ። መንገድ መዝጋት ልምድህ ነው።»

ከኋላው የተሰለፈው መኪና ጥሩምባውን ያንባርቀዋል። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ግማሽ አካሉን አውጥቶ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ አስገባቸው ወይ አሳልፈን! ምን አድርገሃቸው ነው?» አለ። «ምን አላደረገኝም ብለህ ጠይቀኝ!» አሉት እማማ ምላጭ። አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ያኔ ቆሙ፤ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ወንበሩን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ገቡ። «ለአንተ ብዬ አይደለም» አሉ በሩን እየዘጉ። «ለሹፌሩ ነው። ሥራ ያለው ሰው እሱ ነው።»

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው ቀልጠፍ ብሎ መጣና፣ በመስኮቱ አጎንብሶ ካፖርታቸውን ሲያይ «እማማን አሟቸው ነው? ክሊኒኩ በዚህ በኩል ነው» አለ፤ ያለውም ለልጃቸው ነው።

«እኔን አናግረኝ እንጂ፣ የተቀመጥኩት እዚህ ነው» አሉት። «አላመመኝም። ልጄ ልትፈተን ነው።»

ጥበቃው ደነገጠና ቀጥ አለ። «ይቅርታ እማማ። የመጀመሪያ ዓመት ናት?»

«የመጨረሻ። የመጨረሻው መጨረሻ። ስንወጣ ውጤቱን እነግርሃለሁ፣ እዚሁ ጠብቀኝ።»

ልጃቸው ሐሳቡ እናቱን ሕንፃው ሥር አድርሶ መመለስ ነበር። መኪናውን ሲያቆም ሞተሩን አለማጥፋቱን እማማ ምላጭ አይተዋል። ደረጃው ሥር ደርሰው ወደ ላይ ቀና ብለው አዩ፤ በእርግጥ ብዙ ነው። ጠዋት ያን ሁሉ መንገድ እንደ ዘማች የገሰገሰው ጉልበታቸው ድንገት ከዳቸው። አንዱን ደረጃ ረግጠው «ውይ» አሉ። ሁለተኛው ላይ የብረቱን ድጋፍ ይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጃቸው ተመልሶ ሞተሩን አጠፋና ክንዳቸውን ያዘ። በየፎቁ እያረፉ፣ «ተወኝ እዚሁ ልቅር» እያሉ፣ እሱም «አይዞሽ ትንሽ ነው የቀረው» እያለ ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ «እንግዲህ መውረዱ ደግሞ አለ፣ ጥለኸኝ የት ትሄዳለህ?» አሉት። ምን ይላል? ገባ።

አዳራሽ ይሏታል እንጂ ክፍል ናት። ክንዳቸው ላይ መጻፊያ ሰሌዳ ያላቸው ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ግማሹ ሰሌዳ ተገንጥሏል፣ በቀረው ላይ ተማሪ የልቡን ጽፎበታል። መጋረጃው ከአንድ ማንጠልጠያው ወልቆ ዘንበል ብሏል። ከፊት ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ሦስት ሰው፣ ሦስት ጠርሙስ ውሃ። መሐል ሰብሳቢዋ፣ ደልደል ያለች ሴት፤ በግራዋ ለምንዬን ሲያሠራ የከረመው አማካሪዋ፤ በቀኟ ደግሞ ከውጭ የተጋበዘው ፈታኝ፣ ቀጭን፣ መነጽሩ ከፊቱ የሚበልጥ። እማማ ምላጭ ወዲያው ጉጉት አሉት። ለምንዬ ሰማያዊ ሱፍ ለብሳ ከነጩ ሸራ አጠገብ ቆማለች። ከስታለች። እናቷን ስታይ ፊቷ በራ፤ ከእናቷ ጀርባ ማን እንዳለ ስታይ ግን እጇ ላይ የነበረው እስክሪብቶ ወደቀ።

አለቃ የኋላውን ወንበር መረጠ። ገና ቁጭ ከማለቱ «እማዬ፣ ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለ በሹክሹክታ። «ባለመነጽሩን። ባለፈው ዓመት የኛን መጋዘን ኦዲት ያደረገው እሱ ነው።»

እማማ ምላጭም አወቁት፤ በዓይን ሳይሆን በወሬ። ልጃቸው ያን ሰሞን እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንድ ኦዲተር መጣ፣ ሻይ ብናቀርብለት «አመሰግናለሁ፣ ውሃዬን ይዣለሁ» ብሎ ከቦርሳው ጠርሙስ አወጣ፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ውሎ የኛን ጥላ እንኳ አልወሰደም፤ ክምሩ ላይ በሱፉ ወጣ፤ ሰው ማለት እንዲህ ነው! እያለ ሚስቱን ጭምር አሰልችቷት ነበር። ነገሩን ነገር ያደረገው፣ እህቱን ያኮረፈውም በዚያው ወር መሆኑ ነው። እማማ ምላጭ ይህን ያኔ አላገናኙትም። አሁንም ገና አላገናኙትም፤ ግን አንድ ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ መንቀሳቀስ ጀምሯል።

ለምንዬ ጀመረች። መጀመሪያ ድምጿ ቀጠነ፣ ከዚያ ውሃ ጠጣች፣ ከዚያ ራሷን ሆነች። ሸራው ላይ ሠንጠረዥ መጣ ሄደ። እማማ ምላጭ ሠንጠረዡን ተውት፤ ጆሯቸውን ሰጧት። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስላየችው የጆንያ ክምር ተናገረች። ከፊት ሲያዩት ግድግዳ ይመስላል፤ ወረቀቱም ሙሉ ነው ይላል፣ ቆጣሪውም ከፊት ያለውን ቆጥሮ በቁመቱ አባዝቶ ይሄዳል። እሷ ግን መሰላል ጠይቃ ወጣች። መሐሉ ጉድጓድ ነው፤ ክምሩ ከውጭ ሙሉ፣ ከውስጥ ባዶ። «ስለዚህ ቆጠራ ላይ ኦዲተሩ ራሱ መገኘት ብቻ ሳይሆን መውጣት አለበት ነው የምለው» አለች። እማማ ምላጭ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ እንዳይስቁ። ማጠቢያ ቤት ሳሉ ከላይ ንጹሕ አንሶላ አልብሶ ከሥሩ ያልታጠበውን አጥፎ የሚያስረክብ ስንቱን ያውቃሉ! ይሄን ነው ምን ይገባታል ያላቸው? ልጃቸውን በጎን አዩት። ወደ ፊት ሰገግ ብሎ፣ አፉን ከፍቶ ይሰማል።

ጥያቄው ተጀመረ። ሰብሳቢዋ የጠየቀችው ቀላል ነበር። ከዚያ ጉጉት ጽሑፉን በእጁ መዘነ፣ ምልክት ያደረገበትን ገጽ ገለጠ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«ሥራሽ ጥሩ ነው። ግን እንደዚያ ክምር መሐሉ ላይ አንድ ጉድጓድ አለው። በከተማው ያሉትን ዱቄት ፋብሪካዎች ሁሉ አዳርሰሽ ትልቁን ትተሻል። ገጹ ላይ ያለው ‹ከጥናቱ ውጭ ሆኗል› የሚል አንድ መስመር ነው። ለምን?»

ለምን ስትል ያደገች ልጅ ለምን ተባለች። አማካሪዋ ጉሮሮውን ጠረገና ገመድ ወረወረላት፤ «ምናልባት ፈቃድ የማግኘት ችግር አጋጥሟት ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር የተለመደ ነው፣ ብዙ ተማሪዎች...» አለ። ገመዱ ጥሩ ነበር። አዎ ብትል፣ በቃ፣ አለፈ። እማማ ምላጭ አዎ በይ፣ አዎ በይ፣ ብለው በልባቸው ጸለዩ፤ ወዲያው ደግሞ አፈሩ፣ ልጃቸውን ውሸት በይ ብለው አሳድገዋት አያውቁምና። ለምንዬ ወደ ኋላው ወንበር አየች።

«አይደለም» አለች። «ፈቃድ አልከለከሉኝም። እንዲያውም በሩን ከፍተው ጠብቀውኛል። የመጋዘኑ ኃላፊ ወንድሜ ነው።»

«እና? መረጃው ይቀልልሽ ነበራ።»

«ስለሚቀልልኝ ነው ያልሄድኩት።»

«ወንድምሽን አላመንሽውም ማለት ነው?» ጉጉት አልለቀቃትም።

የአለቃ ወንበር ሲጥ አለ። እማማ ምላጭ እጃቸውን ጭኑ ላይ አሳረፉ፤ ቀስ ብለው አይደለም፣ ጫን አድርገው፣ ሊነሣ ቢል እንዳይችል።

«እንደሱ የማምነው ሰው የለኝም» አለች ለምንዬ። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ከዚህ በኋላ ያለው ወረቀት ላይ አልነበረም። «አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ፣ ጆንያ ተሸክሞ ያስተማረኝ እሱ ነው። ቁጥር የተማርኩት ትከሻው ላይ የሚወጡትን ጆንያዎች እየቆጠርኩ ነው። እንግዲህ እኔ እዚያ መጋዘን ገብቼ አንድ ጆንያ ቢጎድል፣ ጎደለ ብዬ እጽፋለሁ? አይጥ በልቶት ይሆናል ነው የምለው። ምንም ባይጎድልስ፣ ማን ያምነኛል? እህቱ አይደለች ይላሉ። የሱ ሙሉ መጋዘን በኔ ቃል ይጎድላል። እኔ የቀረሁት ስሙን ልጠብቅለት ነው፤ እሱ ግን የናቅኩት መሰለው። ጽሑፉ ላይ ያላብራራሁት ወንድሜን በወረቀት ማንሣት ከብዶኝ ነው። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው፤ መጋዘኑ ግን ንጹሕ ዓይን ይገባዋል። የኔ ዓይን ንጹሕ አይደለም፤ እወደዋለሁ።»

እማማ ምላጭ እጃቸውን ከአለቃ ጭን ላይ አነሡ። ቀና ብለው የልጃቸውን ፊት አላዩም፤ ወንድ ልጅ ፊቱ እንዲህ ሲሆን እናትም ብትሆን አታይም።

ጉጉት መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። ጻፈ። ሰብሳቢዋ ዙሪያውን አየችና እንደ ወጉ «ከታዳሚዎች ጥያቄ ያለው?» አለች። ጥያቄ ይኖራል ብላ አልነበረም። ከኋላው ወንበር አንድ ጥቁር የካፖርት እጅጌ ወደ ላይ ወጣ።

«እማዬ» አለ አለቃ በሞተ ድምፅ። «እማዬ፣ እባክሽ።» ለምንዬ ዓይኗን ጨፈነች። እማማ ምላጭ ተነሡ።

«እኔ እናቷ ነኝ፤ የሱም እናት ነኝ» አሉ በአገጫቸው ወደ አጠገባቸው እየጠቆሙ። «ስለዚህ የኔም ዓይን ንጹሕ አይደለም፣ ይህን ቀድሜ ልናገር። ጥያቄዬ አንድ ነው። እሷ ካልቆጠረችው፣ ያ መጋዘን ሳይቆጠር ሊቀር ነው?»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ጉጉት ግን አልሳቀም፤ ከወንበሩ ብድግ ብሎ መለሰላቸው። «አልቀረም እማማ። እኔ ቆጥሬዋለሁ። ለዚህም ነው የጠየቅኳት፤ ቦታውን ስለማውቀው።»

«ታዲያ ምን አገኘህ?»

«እሱን መናገር አይፈቀድልኝም። ሚስጥሩ የፋብሪካው ነው።»

«ደግ» አሉ እማማ ምላጭ። «ብትነግረኝ ኖሮ አላምንህም ነበር።» ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ ሳቁ ከጠረጴዛው ጀመረ።

ፈታኞቹ ሊመክሩ ሁሉንም ወደ ኮሪደሩ አስወጡ። ለምንዬ ከጓደኞቿ ጋር መስኮቱ ሥር ቆመች፣ ጥፍሯን እየበላች። አለቃ ግድግዳውን ተደግፎ የጫማውን አፍንጫ ያያል። በእህትና በወንድም መሐል አራት አምስት እርምጃ ወለል አለ፤ ያን ወለል የሚሻገር ጠፋ። እማማ ምላጭ ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ።

«ያ ሰውዬ ሻይህን እምቢ ሲልህ ምን አልክ?»

አለቃ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

«ሰው ማለት እንዲህ ነው አላልክም? ወር ሙሉ እራታችንን አላመረርክብንም? እህትህም እኮ ሻይህን ነው እምቢ ያለችህ። ከሱ የምትለየው አንተን እየወደደች እምቢ ማለቷ ነው፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ሰውዬውን አሞገስክ፣ እሷን አኮረፍክ። አሁን ማነው ያልገባው?»

በሩ ተከፈተና ሰብሳቢዋ ብቅ አለች።

እንዲገቡ ተደረገ። ሁሉም ቆመው ሰሙ። ሰብሳቢዋ ረጅም ነገር አነበበች፤ መሐሉ ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ቃል ወጣ፤ ከዚያ ቃል በኋላ ያለውን የሰማ የለም። አንድ እርማት ብቻ አላት አለ ጉጉት፤ ያን ባዶ መስመር አውጥታ፣ ዛሬ በአፏ የተናገረችውን እንዳለ እንድትጽፍበት። «የሥራሽ ትልቁ ነገር እሱ ነው፤ እሱን ነው የደበቅሽው» አላት። ጭብጨባው መጀመሪያ ከኋላ፣ ከሁለት የበረኪና እጆች ተነሣ፤ ልብስ ሲመቱ የኖሩ እጆች ናቸውና መስታወቱ ነዘረ። ጓደኞቿ ተከተሉ፤ ቀጥሎ ጠረጴዛው፤ አማካሪዋም ጭምር፣ ገመዱን ረስቶ። እማማ ምላጭ ለማንም ሳይሆን ለክፍሉ «የኔ ልጅ ናት» አሉ፤ ደገሙት፤ ሦስተኛውን አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው ያሉት።

ጉጉት ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ አለቃ ጋ ቆመና እጁን ዘረጋ። «እንደምን ከረምክ?» ብሎ አጥብቆ ጨብጦት ሄደ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም። ግን ሰው መጋዘኑ የጎደለበትን ሰው እንደዚያ አይጨብጥም፤ ኮሪደሩ ላይ ያለ ሁሉ ይህን አየ። አለቃ የተጨበጠውን እጁን ጥቂት ይዞት ቆየ። ከዚያ ያን ወለል ተሻገረ።

«እኔ መጋዘን ውስጥ አይጥ የለም» አለ።

«አውቃለሁ» አለች ለምንዬ።

«አንዲትም።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ።»

«ከስተሻል ደግሞ። እህል አትበዪም?» ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዶ ተሸከመላት። እሷ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። እማማ ምላጭ አስተርጓሚነታቸው እዚያች ላይ አበቃ፤ ደመወዝም አልነበረውም።

ደረጃውን ሁሉንም ቀድመው የወረዱት እሳቸው ናቸው። ድጋፉን ሳይነኩ፣ ካፖርታቸው እየተውለበለበ። አለቃ ከላይ ሆኖ «እማዬ፣ ጉልበትሽስ?» አለ። «ዳነ» አሉ ሳይዞሩ። «ምን ይገባሃል!»

በሩ ላይ መኪናው ገና ሳይቆም መስኮቱን አወረዱ። ጥበቃው ቃሉን ጠብቆ ቆሟል። «አለፈች!» አሉት። «ጉጉቱንም አሳለፈችው!» ጥበቃው ጉጉቱ ማን እንደሆነ ባያውቅም እግሮቹን ገጥሞ፣ እንደ ጄኔራል ሰላምታ ሰጣቸው። እማማ ምላጭም እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ።

በሩን አለፍ እንዳሉ ከዛፍ ጥላ ሥር «አቁም» አሉ። አለቃ አቆመ። «ሞተሩንም አጥፋ።» አጠፋ። እጃቸውን ወደ ኋላ ወንበር ዘርግተው ከለምንዬ ጭን ላይ ያን በሽቦ የተጠረዘ ጽሑፍ ወሰዱ። ከበድ ይላል። በመዳፋቸው ሽፋኑን አበስ አደረጉትና መሪው ላይ፣ ልጃቸው ፊት አስቀመጡት።

«ምንድነው እማዬ?»

«ታነብልኛለህ።»

«ይሄን ሁሉ? ከመቶ ገጽ በላይ እኮ ነው! ሥራ...» ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

«ዛሬ ያለቀው ይለቅ፣ የቀረውን ማታ ማታ እንጨርሰዋለን፤ እኔ የትም አልሄድም። ከመጀመሪያው ቃል ጀምር፣ እንዳትዘል፤ ሠንጠረዡንም ጭምር። እኔ የማይገባኝ ሲመጣ አቁም እልሃለሁ። አንተ የማይገባህ ሲመጣ ደግሞ እህትህ ከኋላህ ተቀምጣለች፤ ዞረህ በራስህ አፍ ጠይቃት። በል፣ ጀምር።»